ብርድ ስለሚፈራው የዋርካ ጊዮርጊስ አምቡላንስ

ለተከበሩ የወረዳችን የአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የታኅሣሥ ብርድ እንዳልጎዳዎት፣ ጋቢዎ እንደሚሞቅ፣ መኪናዎም ጠዋት ጠዋት ያለ ችግር እንደሚነሳልዎት ሙሉ ተስፋ አለኝ። እኔ ዙፋን ገደፋው እባላለሁ። ከዋርካ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ በር ፊት ለፊት ሻይ ቤት ስላለኝ፣ አምቡላንሳችን ሲነሳም ሳይነሳም ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ የዋሉልንን ውለታ ሕዝብ ሁሉ ይወቅልዎ ብዬ ነው እንጂ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ቀለሙ አመሰግናለሁ። ሾፌራችን ቢያድግልኝ ጥቅምት ላይ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ «ጌታዬ፣ ሞተሩ በብርድ አልነሳ እያለኝ ነው፤ ያጓራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። እባክዎ ጋራዥ ይግባልኝ» ብሎ ሲለምንዎ፣ እርስዎ መኪናውን ቀለም አስቀብተው፣ በጎኑም «የእናቶችን ሕይወት እንታደጋለን» የሚል ጽሑፍ አስለጥፈው መለሱለት። ጽሑፉ ያምራል። ከሻይ ቤቴ ሆኜ በየቀኑ አነበዋለሁ።

2ኛ. ስለ ምክርዎም አመሰግናለሁ። ታናሽ እህቴ አምለሰት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ቢጠናባት፣ ባሏ ባምላኩና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሷት። አዋላጇ ሀብትነሽ መረመረቻትና፣ «ሕፃኑ አግድም ነው የተኛው፤ እዚህ አይሆንም። አሁኑኑ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል መድረስ አለባት» አለች። ጎሕ ሊቀድ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሯል። አምለሰትን አምቡላንሱ ውስጥ አስተኛናት። ቢያድግልኝ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ እንደ ሳንባ በሽተኛ ተንፈራግጦ ዝም አለ። ደገመ፤ ሠለሰ። ያኔ ነው እርስዎ ዘንድ የደወልኩት። ከእንቅልፍዎ ስለቀሰቀስኩዎ ዛሬም ይቅርታዎን እለምናለሁ። መልስዎን ግን አልረሳሁትም፦ «እመቤት፣ እሱ መኪና ብርድ አይወድም። ፀሐይ ሲወጣ ይነሳል፤ ትንሽ ታገሡ።»

ይህንኑ ለአምለሰት ነገርኳት። እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ «እታለም፣ ፀሐይ መቼ ነው የሚወጣው?» አለችኝ።

3ኛ. ለሕዝባችን ስላዘጋጁለት የአካል ብቃት እንቅስቃሴ የማላመሰግንዎ ምን ዓይነት ውለታ ቢስ ብሆን ነው? ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ሁሉ መጥቶ አምቡላንሱን ገፋ። ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱት አያ ክንዱ ሳይቀሩ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ያ የሚያምረው ጽሑፍ ላይ አሳርፈው ገፉ። ወደ ዳገቱ ገፍተን አወጣነው፤ ወደ ቁልቁለቱ ለቀቅነው፤ አልተነሳም፤ እንደገና ገፋነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር አምለሰት ውስጥ ሆና ትጮሃለች። መጨረሻ ላይ ፀሐይ ከተራራው ብቅ ስትል ሞተሩ ተነሳ። ትንቢትዎ ደርሷል።

ፍኖተ ሰላም ስንደርስ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከበር ተቀብለው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት፤ እሷን አተረፉልን። ወንዱ ልጅ ግን ትንፋሽ አልነበረውም። ሐኪሙ ለባምላኩ፣ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ደርሳችሁ ቢሆን…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ነውና ፍትሐት የለውም፤ ስምም የለውም። አባቱ በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ ቀበረው።

4ኛ. ስለ ባትሪው። ከዚያ በኋላ የቀበሌያችን ሽማግሌዎች አምቡላንሱን ፍኖተ ሰላም ጋራዥ አስወሰዱት፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ከፍቶ አሳየን። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ውስጡን ማሞቅ የነበረባቸው ካንዴላዎች ከአንዱ በቀር ተቃጥለዋል። የናፍጣ ማጣሪያው ጭቃ ጠጥቷል። ባትሪው ደግሞ እንኳን መኪና ራዲዮ የማያስነሳ ነው። «ለዚህ መኪና በቅርቡ አዲስ ባትሪ መጥቶ አልነበረም እንዴ?» ሲል መካኒኩ ቢጠይቅ፣ ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። «መጥቶ ነበር። ኃላፊው ስብሰባ እንዳይረፍድባቸው ተብሎ ለሳቸው መኪና ተገጠመ፤ የሳቸው አሮጌው ለኛ ተሰጠ» አለ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ «አንተ» ብዬ ልጽፍ እጄ ቃጥቶት ነበር። አሳዳጊዎቼን አስቤ ተውኩት።

5ኛ. ባትሪውን ስለመለሱልንም አመሰግናለሁ፤ ምንም እንኳ የመለሱት ሽማግሌዎቹ ከቢሮዎ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አንነሳም ካሉ በኋላ ቢሆንም። መካኒኩ ካንዴላዎቹንና ማጣሪያውን ቀይሮ፣ ባትሪውን አስሮ፣ ሥራውን በግማሽ ቀን ጨረሰ። በማግሥቱ ውርጩ ከባድ ነበር። ቢያድግልኝ ቁልፉን ገና ሲነካው ሞተሩ ተነሳ። አምለሰት እኔ ቤት ተኝታ ድምፁን ሰማች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ይኸን ያህል ቀላል ነበር?» አለች።

ጥያቄው ለእርስዎ ይገባልና አስተላልፌዋለሁ። መልሱ ከከበደዎ፣ ወንበሩን መልስ ላለው ሰው ይልቀቁለት።

ለወንበርዎ ጽናት ሳይሆን ለኅሊናዎ መንቃት እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ቁጣ፣

ዙፋን ገደፋው
ከዋርካ ጊዮርጊስ

ማስታወሻ፦ ጽሕፈት ቤትዎ በመጪው የእናቶች ቀን አምለሰት «የአምቡላንስ አገልግሎት ተጠቃሚ» ሆና ምስክርነት እንድትሰጥ ጠርቷታል። ጥሪው በክብር ደርሶናል፤ ትመጣለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነውና፣ እባክዎ ማይክሮፎኑ የሚሠራ መሆኑን በዋዜማው ያስፈትሹልን።