ብቻዬን ስሆን ብቻ ስለሚጠፋው ሞተር

«ተሽከርካሪው በኮምፒውተር ተመርምሯል፤ በሙከራ ጉዞም ታይቷል። የሞተር መቆጣጠሪያው ጤነኛ ነው። ችግሩ የሚከሰተው ደንበኛው ብቻቸውን ሲነዱ ብቻ መሆኑን ከራሳቸው አንደበት ስለተረዳን፣ ከተሽከርካሪው ይልቅ ራሳቸውን ቢያስመረምሩ እንመክራለን።»

ለተከበሩ የጋራዡ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? መሥሪያ ቤትዎ ስለ እኔ ጤና ይህን ያህል ተጨንቆ ሳለ እኔ ስለ እርስዎ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ከላይ ያሰፈርኩት ቃል በምርመራ ወረቀታችሁ ላይ ከማኅተምዎ በላይ የተጻፈው ነው፤ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሞተር ለማሳየት መጥቶ ለራሱ የሕክምና ምክር ይዞ የተመለሰ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም፤ ስለ ምክሩም ከልብ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። መኪናዬ ደህና እየሄደ ሳለ ሞተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ዳገት ላይ ጠፍቶብኛል፣ አደባባይ ውስጥ ጠፍቶብኛል፣ ድልድይ መሐልም ጠፍቶብኛል። ድልድዩ ላይ ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባት፣ እንቅልፍዎ ከመጣ ቤትዎ ይተኙ እንጂ!» ብሎኛል። እሱ ቢያንስ መኪናው መቆሙን አምኗል።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። እሑድ እሑድ ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖረውን፣ አልጋ ላይ የዋለች ታላቅ እህቴን ለማየት እነዳለሁ። ወደ እሷ የሚወስድ አውቶቡስ የለም። በሳምንት ውስጥ በስሜ ጠርታ የምትቆጣኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ መኪናው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ከዚህ በላይ ማብራራት አልፈልግም።

ቅሬታዎቼን በአክብሮት እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. መርማሪዎ ማሽኑን ከመኪናው ጋር አገናኝቶ «ጋሼ፣ ኮምፒውተር አይዋሽም፤ አንድም የብልሽት ኮድ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይዋሽም፤ ይረሳል እንጂ። ይህ የሞተር መቆጣጠሪያ የሚባለው ሣጥን ኃይል ሲቋረጥበት መዝግቦ የያዘውን ሁሉ ያጣል። ራሱን ስቶ የወደቀን ሰው ቀስቅሶ «ወድቀህ ነበር እንዴ?» ብሎ መጠየቅ፣ «አልወደቅኩም» ሲልም ጤነኛ ነው ብሎ ማኅተም መምታት ማለት ይህ ነው። ከሁለታችን የሚረሳው እሱ ሆኖ ሳለ ወደ ሐኪም የተላክሁት እኔ ነኝ።

፪. ግድግዳችሁ ላይ በትልቁ የተለጠፈ ደንብ አለ፤ ማንኛውም የሙከራ ጉዞ ያለ ሁለት ሠራተኛ አይደረግም ይላል። መልካም ደንብ ነው። መኪናውን ባመጣሁ ቁጥር ሁለት ባለሙያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ስለ እግር ኳስ እየተከራከሩ ከግቢው ይወጣሉ፤ ክርክሩን ሳይጨርሱ ይመለሱና «ይኼማ ከእኔ መኪና በስንት ጣዕሙ!» ይሉኛል። አንዱ ብቻውን እንዲነዳው ለመንኩ። ደንብ ነው ተባልኩ።

፫. ደንቡን እናንተ መጣስ ስለማትችሉ ሙከራውን እኔ ራሴ አደረግሁት። ዕድሜዬን የጨረስኩት በላቦራቶሪ ውስጥ የውሃ ናሙና ስመረምር ነው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንደማይቀየር አውቃለሁ። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት እየነዳሁ፣ ውሃ የሞሉ ሁለት ጀሪካኖች ጎኔ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፤ ሞተሩ አልጠፋም። አወረድኳቸው፤ ጠፋ። ወደ ኋላ ወንበር አዛወርኳቸው፤ ጠፋ። መልሼ ጎኔ አስቀመጥኳቸው፤ እንደ በግ ተከተለኝ። ወንበሩን ፈትቼ ሳየው መቆጣጠሪያው የተቀመጠው ከሥሩ ነው፤ የኃይል ሽቦው ሶኬት መያዣ ተሰብሮ ላልቷል። ሰው ሲቀመጥበት ክብደቱ ሶኬቱን ተጭኖ ያገናኘዋል፣ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ግን መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይላቀቃል። መቼ እንደተሰበረ አላውቅም። ሚስቴ በሕይወት ሳለች ያ ወንበር ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ይህን ይዤ ስመጣ መርማሪዎ ወንበሩን ዝቅ ብሎ ለማየት እንኳ ሳይደክም «ጋሼ፣ ወረቀቱ እኮ አንዴ ወጥቷል» አለኝ። ሶኬቱን ራሴ ባስረው ሞተሩ ይድናል፤ እኔ ግን በወረቀታችሁ ላይ እንደታመምኩ እቀራለሁ። ስለዚህ እንደነበረ ትቼው ጀሪካኖቹን በደኅንነት ቀበቶ እያሰርኩ እነዳለሁ።

፬. ልትጠይቀኝ መጥታ የሰነበተች ልጄ ወረቀታችሁን አነበበችው። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ በእናቷ ቦታ ላይ ጀሪካን አስቀምጬ ቀበቶ ሳስር በመስኮት አየችኝ። ወጥታ አቀፈችኝ። «አባዬ፣ እኔ ጋ ብትመጣ ምን አለበት?» አለችኝ። ማታ ለአጎቷ በስልክ «እማዬ መስላው ነው መሰለኝ» ስትል ሰማኋት። ስለ ሶኬቱ አስረዳኋት፤ ይበልጥ ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ በስስት ታየኝ ጀመር። በገዛ ልጅ በዚያ ዓይን መታየትን ለጠላቴም አልመኝም። ተመልሳ ስትመጣ የመኪናውን ቁልፍ ልትወስድ ወስናለች፤ ማስረጃዋም የእናንተ ማኅተም ነው።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ባለሙያ፣ አንድ ባዶ ወንበር፣ አንድ የማስተካከያ ወረቀት።

የእውነት ፍለጋ ከደንባችሁ ጋር እንዳይጋጭ ለምታደርጉት ብርቱ ጥንቃቄ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እየነሣሁ፣ ለእርስዎም ለሠራተኞችዎም በጎናችሁ ሰው የማይታጣበት ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ያልተመረመረው መኪና ባለቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያዎን ብቻውን ሲልኩት አንድ ነገር አስቀድመው ይንገሩት። ሞተሩ ድርግም ሲልበት ወደ ጎኑ ዞሮ «ሰማህ?» የሚለው ሰው አይኖርም። ያን ጊዜ የሚሰማው ነገር ኮድ የለውም፣ በማሽናችሁም አይነበብም፤ እኔም እሱን ጠግኑልኝ አላልኩም። የጠየቅሁት ስለ ሶኬቱ ነው፤ መልሱንም በጽሑፍ፣ ከነማኅተሙ፣ እስከ ግንቦት ፲ ድረስ ስጡኝ፤ ልጄ የምትመጣው በማግስቱ ነው። ለእኔ ብላችሁ አትድከሙ፣ እኔ አውቀዋለሁ፤ ለእሷ ጻፉላት።