የትርንጎ የዓርብ ቁርጠት

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ዛሬ ኮርቻለሁ፤ ለሰው ብናገረው ጉራ ይመስልብኛልና እዚሁ ልጻፈው።

ትርንጎ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ሆዷን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ፣ እኔ ነርሷ ጋ ትመላለስ ነበር። መምህሯ «ወስፋት ነው፣ መድኃኒቱን ስጫትና ተገላገይ» ይሉኛል። ቁርጠቱ ረቡዕና ዓርብ ብቻ መምጣቱ ግን አልዋጥልኝ አለ። ወስፋት ቀን ይመርጣል እንዴ?

ከትናንት ወዲያ በሩን ዘጋሁና «ጠዋት ምን በላሽ?» አልኳት። አቀረቀረች። «አባቴ እንዲድንልኝ እየጾምኩ ነው፤ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ» አለችኝ። ለካ ቁርሷን ለቤታቸው ውሻ እየሰጠች ነው የምትመጣው!

እኔ ብዪ ብላት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ክኒንም አልሰጠኋትም። የቤተሰቡን የንስሐ አባት ፈልጌ ለመንኳቸው፤ ትናንት ትምህርት ቤት ድረስ መጡልኝ። አጠገቧ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ አንቺ ዳቦሽን በልተሽ ጸልዪ። ጾምሽን እኔ እይዝልሻለሁ» አሏት። ትክ ብላ አየቻቸውና «እንዳይረሱ» አለቻቸው።

ዛሬ በእረፍት ሰዓት ትርንጎ የክሊኒኬ በር ላይ ስትቆም ክው አልኩ። ሆዷን የያዘችው ግን እሷ አይደለችም፤ እጇን ይዛ እየጎተተች ያመጣቻት የክፍል ጓደኛዋ ናት።

«ሲስተር፣ ጠይቄያታለሁ። ቁርስ ሳትበላ ነው የመጣችው» አለችኝ።

የዳቦዋን ግማሽ አስቀድማ አስይዛታለች። ለእኔ የቀረኝ ሥራ ውኃ መቅዳት ብቻ ነበር።