ይቅርታዬን በስሜ ስለፈረመልኝ አውራ ጣት

ለክቡር የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽነር
ኖሻባድ

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እየጠየቅሁ፣ በዚህ በሚያነድ የግንቦት ሙቀት የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ያለ እንከን እንዲሠራልዎ እመኛለሁ። የከተማችን በረዶ ፋብሪካ ማቀዝቀዣ እንከን ነበረበትና እዚያ ይሠራ የነበረውን ልጄን ሙዘፈርን ገድሎታል። ቧንቧው አሞኒያ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ እንደሚያፈስ ለፋብሪካው ባለቤት አመልክቶ ነበር፤ የተሰጠው መልስ በሽቦ እሰረው የሚል ነው።

ከዚያ ወዲህ ለተደረገልን ሁሉ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ካሣ መጠየቅ የሚችለው የሟች ወራሽ ብቻ እንደሆነ መሥሪያ ቤትዎ ስላስተማረን እናመሰግናለን። ምራቴ ናይላ ሚስት መሆኗን፣ ሁለቱ ልጆቿ የአባታቸው ልጆች መሆናቸውን፣ እኔም እናት መሆኔን በማኅተም አረጋግጠናል። ችሎቱ ግን የተቀጠረው ምራቴ የባሏን ሐዘን ይዛ ከቤት በማትወጣበት በዒዳዋ ወራት ስለነበር፣ ባለመቅረቧ «ጉዳዩን አትፈልገውም» ተብሎ ተመዘገበ።

፪ኛ. ወራሾች ሁሉ ይቅር ካሉ ክሱ እንደሚዘጋ፣ አንድ እንኳ ከቀረ ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይመረመር ፋብሪካው እንደማይከፈት ተረድተናል። ምራቴ ልጆቿን የምታበላው ስላጣች ለራሷም ለእነርሱም ፈረመች፤ አልወቅሳትም። የቀረሁት እኔ ነበርሁ።

፫ኛ. ብቻዬን እንዳልሆን አስባችሁ ሽማግሌዎች ስለላካችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሻዬን ጠጥተው፣ ወተቱን አመስግነው ሲያበቁ፣ ታላቃቸው ሐጂ ቡታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«እናታችን፣ የሞተው አይመለስም፤ ያሉትን ይጠብቁ እንጂ። የልጅ ልጆችዎ የሚመላለሱበት መንገድ ጠባብ ነው፣ የፋብሪካው ጌታ የጭነት መኪና ደግሞ ብዙ ነው። ሾፌር ነው፣ ምን ይታወቃል?»

«ሐጂ፣ ይህንኑ ቃልዎን ጽፈው ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ እኔም እፈርማለሁ» አልኋቸው።

ብዕራቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹን እጃቸውን ይዤ ትምህርት ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ። አንድ ነጭ መኪና በእኔ እርምጃ ልክ፣ ሳይቀድመን፣ ከኋላችን ይመጣል። ለአሮጊት ጉልበት እንዲህ የሚጠነቀቅ ሾፌር አይቼ አላውቅም።

፬ኛ. ባለፈው ሐሙስ ፋብሪካው ተከፈተ። ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ጸሐፊዎ በትሕትና የይቅርታ ሰነዴን አሳየኝ፤ በስሜ ሥር የአውራ ጣት አሻራ ታትሞበታል። ክቡር ሆይ፣ የሚስዮን መነኮሳይያት በአለንጋ ጽሕፈት ያስተማሩኝ፣ እኔም ይህንኑ ጸሐፊዎን ጨምሮ የዚህን ከተማ ግማሽ ፊደል ያስቆጠርሁ ሴት ነኝ። አውራ ጣቴ ለፊርማ ቀለም ነክቶ አያውቅም። የማን ጣት እንደሆነ ባውቅ፣ ስለ ልጄ ሞት ከእኔ ይልቅ ስላዘነና ከእኔ ቀድሞ ስለተጽናና ሄጄ ባመሰገንሁት ነበር።

እንግዲህ በእጄ ጽሑፍ፣ በሙሉ አእምሮዬ እገልጻለሁ፦ ይቅር አላልሁም። ፋብሪካው ይዘጋ፣ ቧንቧው ይመርመር፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። የልጄ ካሣ ከዚህ ይጀምራል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ያልተቋረጠ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ እስከዚህ ደብዳቤ ድረስ በሕይወት ያለሁት፣

ዘይቡንኒሳ፣ የሟች ሙዘፈር እናት

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ወር ነፋሱ ከፋብሪካው ወደ ትምህርት ቤቱ ነው የሚነፍሰው። እዚያ የምትማረው ትንሿ ልጅዎ የምትቀመጠው መስኮቱ ሥር መሆኑን ከልጅ ልጆቼ ስለሰማሁ፣ ትናንት በሩ ላይ አግኝቻት ዓይኗን ሲያቃጥላት ጨርቅ በውሃ ነክራ አፍንጫዋን እንድትሸፍን ነግሬያታለሁ። በደንብ ይዛዋለች። ሙዘፈርም ይህን ዘዴ ያውቀው ነበር።