የላሟ ብርድ ልብስ

አንቺ ሳቂታ፣

የፖስታ ካርዱ ፎቶ አያጓጓሽ፤ እዚህ አገር ያየሁት የሚያምር ቤት የላም ቤት ብቻ ነው። ከድህነት እናወጣችኋለን ባዮቹ ለጎረቤቴ፣ ለአንዲት ባሏ የሞተባት የልጆች እናት፣ የወተት ላም ሰጧት። ለላሟም ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ቤት ሠሩላት። የሴትዮዋ ጎጆ አጠገቡ ያፈሳል። እናትሽ ለእንግዳ ብቻ የምትከፍተው ሳሎን ትዝ አለኝ፤ እሱስ ቢያንስ ለሰው ነው!

ላሟ ቤት ሰው ካደረ ላሟ ትወሰዳለች ብለዋል። ዝናብ ሲመጣ ግን እናትም ልጆችም ተደብቀው እዚያው ያድራሉ። ትናንት ኃላፊ ተብዬው ከነከረባቱ ለጉብኝት መጣና ጥግ ላይ ብርድ ልብስ አየ።

«ይሄ የማነው?»

ሴትዮዋ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «የላሟ ነው ጌታዬ፤ ሌሊት ይበርዳታል» አለች።

እኔ ላሟን አሁን ወሰዷት ብዬ ነበር። እሱ ሆዬ በደስታ ሊበር! «እንክብካቤ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ አስጨበጨበላትና፣ ለመንደሩ ላሞች በሙሉ ብርድ ልብስ እንዲታደል እዚያው አዘዘ። ግርግሙ ላይ የሕፃን ካልሲ ተዘርግቶ እያየ እኮ ነው! አይ ከረባት!

ቦታ ሊያልቅብኝ ነው። እናትሽን ጉንጭ ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሳሎኑንም ለቤታችሁ ልጆች ትክፈትላቸው። አንቺም ናፍቀሽኛል።

ለካ ዋናውን ረስቼዋለሁ፦ የኃላፊው መኪና እንደራቀ ሴትዮዋ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ወይኔ! ላሟ ትምህርት ቤትም ትሄዳለች ባልኩት ኖሮ!»