ምድር ዘገየች ተብሎ ስለ ቆመው የብቸና ሰዓት

ለክቡር አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ አካለ ወልድ
የአደባባይ ሰዓት ጉዳይ ኃላፊ
ብቸና

ጳጉሜን ፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ሁሉ ጭቃና ዝናብ እንደምን ከረሙልኝ? እኔ ከጉልበት ቁርጥማት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ለእርስዎም ለባለቤትዎም ለልጆችዎም የተሟላ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ልብዎም እንደ ሰዓትዎ ድንገት ቆሞ እንደገና ለመምታት ከሞጣ ፈቃድ እንዳይጠብቅ ዘወትር እጸልያለሁ።

እኔ አመልካቿ ወይዘሮ ይርጋነሽ ውበቴ፣ በጉንደ ወይን ተወልጄ ያደግሁ፣ ከአባቴ ከመሪጌታ ውበቴ ፊደልና ጥቂት የዘመን አቆጣጠር የቀሰምሁ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ በአባቴ ርስት የምከራከር ሴት ነኝ። ከዚህ በፊት ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በጠረጴዛዎ ላይ ተደላድለው መቀመጣቸውን ስላየሁ፣ ዕረፍታቸውን ላለመረበሽ ይህችኛዋን በገበያው ዋርካ ላይ ለጥፌያታለሁ። ማንበብ ለማይችለው ሰው ከሐረር ተመድበው የመጡት አስተማሪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሊያነቡለት ቃል ገብተውልኛል፤ ድምፃቸውም እግዜር ይስጣቸው ቢሮዎ ድረስ ይሰማል።

በሰኔ ወር ከበላይ በመጣልዎ ትእዛዝ ምድር አዙሪቷ እየዘገየ ስለ ሄደ፣ የመንግሥት ሰዓቶች እርሷን እንዲጠብቁ አንዲት ሰከንድ ይጨመርላቸው መባሉን ሰምቻለሁ። ይህን አልነቅፍም። ይህን ሁሉ ሹም ተሸክማ የምትዞር ምድር ጥቂት ብትዘገይ ማን ይፈርድባታል? እኛም ብንሆን ዓመቱ ከፀሐይ ጋር እንዲገጥም በየዓመቱ ጳጉሜንን እንጨምራለን፤ አምና በዘመነ ሉቃስም ስድስተኛዋን ቀን ጨምረን ነበር። ያን ጊዜ ግን ኮሚቴ አልተቋቋመም፤ በርም የተዘጋበት ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቅሬታዬ በሰከንዷ ላይ ሳይሆን በአጨማመርዎ ላይ ነው።

አንደኛ፤ ትእዛዙ ሰከንዷ የምትጨመረው ለሰኔ ሃያ አራት አጥቢያ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ነው ቢልም፣ ለአንዲት ሰከንድ ሲባል ከሞቀ አልጋ መነሣት ለማዕረግዎ እንደማይመጥን ተገንዝበው ነገሩን ወደ ጠዋት ስላዛወሩት፣ ምድርንም ቁርስዎን እስኪጨርሱ ስላስጠበቋት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጠዋት በሁለት ሰዓት ኮሚቴው ተሰየመ፣ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ንግግር ተደረገ፤ ከዚያም የትልቁን ግድግዳ ሰዓት ተወዛዋዥ ብረት በገዛ እጅዎ ያዙት። ሰዓቱም ቆመ። እስከዚህ ድረስ የሚያማዎት ሰው አላጋጠመኝም። ነገር ግን ትእዛዙ ስለ ማቆም እንጂ መልሶ ስለ ማስነሣት በግልጽ አይናገርም ብለው፣ በሞጣ ያሉት አለቃዎ በስልክ ፈቃድ እንዲጠየቁ አዘዙ። ስልኩም በዝናቡ ተበጥሶ ኖሮ ፈቃዱ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። ያን ጊዜ ሰዓቱ ከቆመበት ከሁለት ሰዓት ተነሥቶ ጉዞውን ቀጠለ። አንድ ጸሓፊዎ ቆጣሪውን ወደ ፊት እንግፋው እንዴ ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአንዲት ሰከንድ በላይ እንድነካ አልተፈቀደልኝም ብለው መለሱለት አሉ። እንዲህ ያለ ታማኝ ሹም ስለ ሰጠን ፈጣሪ ይመስገን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የብቸና መሥሪያ ቤት ከፀሐይ አንድ ሙሉ ረፋድ ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖራል፤ ሠራተኞችዎ ለምሳ የሚወጡት ግን በሆዳቸው ሰዓት መሆኑን ታዝቤያለሁ።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴ አቶ አምባቸው በየዓመቱ አንዳንድ ትልም ወደ እኔ እየገፋ ከአባቴ መሬት እኩሌታውን አርሶታል። የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል በዓይኑ ያየ ሰው ከአያ ገላው በቀር አልተረፈም ነበር። በዚያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ድንጋዩን የተሸከሙት አባታቸው ናቸው፤ ወይራው ሥር የት ላይ እንደ ተቀበረ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሳያሉ። እርሳቸው ከመሰከሩልኝ መሬቴ ይመለሳል፤ እርሳቸው ከሌሉ ግን የእኔ ቃል በአምባቸው ቃል ላይ ከመጮህ በቀር ምንም የለኝም። በሐምሌ ቀጠሮዬ ሲደርስ እግራቸው አልታዘዝ ስላላቸው በበቅሎ ጭነን፣ ከግራና ከቀኝ ደግፈን፣ ያን መንገድ እያንሸራተተን ከጉንደ ወይን አመጣናቸው። በመንገድ ሁሉ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ይችን ቃል ሳልሰጥ አልሞትም» ይሉኝ ነበር።

ችሎቱ የሚውለው በእርስዎው ግቢ ነውና፣ ከበርዎ የደረስነው ገና በማለዳ ነው። ከሞጣ እየመጡ የሚያስችሉት ዳኛ ሰዓታቸውን በራዲዮ የሚያስተካክሉ ሰው ናቸውና ልክ በሦስት ሰዓት በፊታችን አልፈው ገቡ። ለባለጉዳይ ግን በሩ የሚከፈተው በበረንዳው ሰዓት ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው፤ የበረንዳው ሰዓት ደግሞ ገና ሌሊት ነው ይላል። ጓዴ የሚባለውን ዘበኛ ለመንሁት። እርሱም አፍሮ አንገቱን ደፍቶ፣ «እሜቴ፣ መርፈዱን እኔም አላጣሁት፤ ደመወዜን የምትቆርጠው ግን ፀሐይ አይደለችም» አለኝ። በጓዴ ቅር አላልኩም፤ ልጆች አሉት።

ጥቂት ቆይቶ የችሎቱ ተጣሪ ከደጃፉ ወጥቶ ስሜን ጠራ። እኔም ከአጥሩ ውጭ ሆኜ አቤት አልሁ። የምስክሬንም ስም ጠራ። አያ ገላው ከተቀመጡበት ድንጋይ ላይ በአጥሩ እየተደገፉ ተነሡ፤ ሸማቸውን በዳኛ ፊት እንደሚቆም ሰው አደግድገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ለተዘጋው በር አቤት አሉ። ተጣሪው ሦስት ጊዜ ጠራን፣ ሦስት ጊዜም መለስን። ሰምቶናል፤ ዞር ብሎ ሲያየንም አይቼዋለሁ። ነገር ግን ከግቢ ውጭ የተባለ አቤት እንደ መቅረብ አይቆጠርም ተብሎ ከሳሿም ምስክሯም አልቀረቡም ተባለ። ወዲያው ዝናቡ መጣ። አያ ገላው ግን በሩ ሊከፈት ነው እያሉ ከቆሙበት አልነቃነቅም አሉኝ። በመጨረሻ በበረንዳው ሰዓት ሁለት ሰዓት ሆኖ በሩ ሲከፈት፣ ዳኛው መንገዱ ሳይበላሽባቸው ወደ ሞጣ ለመድረስ በላንድሮቨራቸው እየወጡ ነበር፤ ጭቃውንም ረጩብን። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ጨዋታውን ልተወውና፣ ያን ዕለት አለቀስሁ። ያስለቀሰኝም መሬቱ ሳይሆን የሽማግሌው ማደግደግ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህችን በአጭሩ አልፋታለሁ። ስሙ ሲጠራ ከግቢው ውስጥ ደረቅ ልብስ ለብሶ አቤት ያለው ባላጋራዬ አቶ አምባቸው ብቻ ነበር። እንዴት ገባ ብዬ ብጠይቅ፣ እርሱ እኮ በአገር ሽማግሌነት የሰከንዷ ኮሚቴ አባል ስለሆነ ሰዓቱን ሊጠብቅ ማልዶ ይገባል አሉኝ። ከዚህ ውስጥ ክፉ ነገር አልጠረጥርም። የሰው ድንበር እያንፏቀቀ የኖረ ሰው ምድር መንፏቀቋን ለመከታተል ከማንም በላይ እንደሚበቃ አምናለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ምድር ከእንግዲህም እየዘገየች ስለምትሄድ ሌላ ሰከንድ መጨመር አይቀርም ይባላል። በዚያን ጊዜ የምለምንዎ ቀላል ነገር ነው፤ ሰዓቱን እንደ ፈቀዱት ያቁሙት፣ ከፈለጉም እንደ ታቦት ጃንጥላ ያስይዙለት፤ በሩን ግን ሲነጋ ያስከፍቱልን። ዳኛው በአቤቱታዬ ለጥቅምት አዲስ ቀጠሮ ሰጥተውኛል፤ ምስክሬን ይዤ እንድቀርብም አዝዘዋል። ለዚህ ቀጠሮ መገኘት እርስዎ ምንም ስላልረዱኝ፣ ውለታ አለብኝ ብዬ ከመጨነቅ አድነውኛልና ከልብ አመሰግናለሁ።

መጪው ዘመነ ማቴዎስ ለእርስዎ የሹመትና የዕድገት፣ ለሰዓትዎም የመንቀሳቀስ ዘመን ይሁንልዎ እያልሁ፣ ከደጅዎ ማዶ በዝናብ ቆማ ጥሪዎን በታላቅ አክብሮት የምትጠባበቅ፣

ይርጋነሽ ውበቴ
ከጉንደ ወይን

ግልባጭ፦
ለገበያው ዋርካ
ለዘበኛ ጓዴ፣ አንብቦ እንዳላነበበ እንዲሆን
ለምድር፣ ባለችበት

የተረሳ ነገር፦ አያ ገላው ከዚያ ዝናብ በኋላ ከአልጋቸው አልተነሡም፤ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ዐረፉ። ዝናቡ ገደላቸው አልልም፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ። ብቻ በመጨረሻቸው ገደማ ሲቃዡ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ አቤት አቤት ይሉ ነበር። በጥቅምት ችሎት ስማቸው ሲጠራ ከአጥሩ ውጭም ቢሆን የሚመልስ ስለማይኖር፣ ያለ ስጋት አልቀረቡም ብለው ያስጽፉ። በዚህ ጊዜ እውነት ይሆናል።