ድንጋዩን ያልነካው ጨርቅ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? አባባን ስታነሺና ስታስተኚ እንደገና እንዳይቀጭብሽ እሰጋለሁ። ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ያቺ ጥርሰ ወላቃ ልጅሽስ፣ አዲሱ ጥርስ ብቅ አለላት ወይስ አሁንም በድድዋ ነው የምትስቀው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ከነድካማችን ደህና ነን። እማዬማ ከእኔም በላይ ደህና ናት፤ ደረጃውን ሁሉ እየቀደመችኝ ትወጣለች፣ ከኋላ የማለከልከው እኔ ነኝ። የአባባን ጤና ግን ከሌላው ሰላምታ ጋር ቀላቅዬ ልጠይቅሽ አልፈለግሁም። ለብቻው ልጠይቅሽ። አባባ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ እንዴት ነው?

ባለፈው ስደውል ተኝቷል አልሽኝ። ከዚያ በፊትም ተኝቷል ነበር ያልሽኝ። ረፋድ ላይ ስደውል ተኝቷል፣ ከሰዓት ስደውል ተኝቷል። በቀን መተኛት የሰነፍ ሥራ ነው እያለ ስንቴ ከአልጋ ጎትቶ እንዳስነሳን የምረሳ መሰለሽ? ስልኩ ሲጠራ እማዬ ጎኔ ላይ ተለጥፋ ድምፁን ከፍ አድርጊው ስለምትለኝ ምንም ልጠይቅሽ አልቻልኩም፤ አንቺም በዚሁ ምክንያት ልትነግሪኝ ያልቻልሽው ነገር ያለ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት። ደብዳቤውን የሚያደርሱልሽ አብረውን የመጡት ጡረተኛ ፋርማሲስት ናቸው። ከአንዱ የመሬት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ቁርጭምጭሚታቸው ዞሮባቸው ከእኛ ቀድመው ሊመለሱ ነው። ወንበር ስጫቸው፣ የሚጠጣ ነገርም አቅርቢላቸው፤ ስለ እግራቸው ግን እንዳትጠይቂያቸው፣ ከጀመሩ አያቆሙም።

ድንጉጧ እያላችሁ ያሳደጋችሁኝ እኔ እዚህ ስሜን በደንብ አስመስክሬያለሁ። የአውቶቡሱ ሞተር ሲያጓራ ደነገጥኩ፣ ሞተሩ ዝም ሲልም ደነገጥኩ። ሐዋርያት በዚህ ባሕር ዙሪያ በእግርና በጀልባ ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን መንገድ እኛ በአውቶቡስና በመርከብ እየተጣደፍን እንዞረዋለን። መሪያችንን ቶሎ ቶሎ ብለነዋል። የቀደሙት ክርስቲያኖች ተደብቀው የጸለዩበት ዋሻም ይሁን ጣሪያው የወደቀ ቤተ ክርስቲያን፣ ገና አማትበን ሳንጨርስ «ቶሎ ቶሎ፣ አውቶቡሱ እየጠበቀን ነው» ይለናል። እማዬ ይህ ልጅ ያኔ ከሐዋርያት ጋር ቢሆን ኖሮ ወንጌል በአንድ ክረምት ዓለምን ያዳርስ ነበር አለች።

ከእኛ ጋር ያለ ተሳላሚ ሁሉ የሚያስነካው ነገር ከቤቱ ይዞ ነው የመጣው። አንዱ መስቀል፣ አንዷ የታመመ ሰው ሸሚዝ፣ ሌላዋ የሕፃን ካልሲ። በየደረስንበት ሰማዕታት ካረፉበት ድንጋይ ላይ ያሳርፉታል፣ አብረውን ያሉት ቄስ ጸሎት ያደርሱበታል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ወደ ቦርሳ ይመለሳል። ፋርማሲስቱ እንኳ የመድኃኒት ብልቃጥ አስነክተዋል፤ ሙያቸውን ያላመኑት መሰለኝ።

እንግዲህ የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርሽ። በመጀመሪያው ማረፊያችን እማዬ ገላዋን ስትታጠብ ሹራቧን ላወጣላት ቦርሳዋን ከፈትኩ። ከሹራቡ ሥር የታጠፈ ነጭ አቡጀዲ ነበር። አንሶላ መሰለኝ። ጫፉን ስዳስሰው ግን ከእኔ በፊት እጄ አወቀው። ጠርዙ አልተቀመቀመም። ወርዱ እንዲበቃ ሁለት ቁራጭ ተያይዟል፣ የተያያዘበት ክር ግን መጨረሻው ላይ ቋጠሮ የለውም። ስፌት ያስተማረችኝ ባለሱቋ ሴትዮ እንዲያ የምታሰፋን ለአንድ ልብስ ብቻ ነበር። ሰው ለመጨረሻ መንገዱ በሚለብሰው ላይ ክር አይቋጠርም ትለን ነበር። መግነዝ ነው እትዬ። ስፌቱም የእማዬ ነው፤ ያንን ወደ ግራ የሚያዘነብል ስፌቷን የትም ባየው አልስተውም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የውኃው ድምፅ ሲቆም ተሯሩጬ አጣጥፌ መለስኩት፣ ከመደንገጤ ሹራቡንም አብሬ ከተትኩት። እማዬ ወጥታ ሹራቤስ አለችኝ። አላገኘሁትም አልኳት። ቦርሳዋን ከፍታ ከላዩ ላይ አነሳችውና ዓይንሽን ምን ነካው ብላ ለበሰችው።

ሐኪም ነግሯት የደበቀችን ነገር አለ፣ ከተቀደሰ ቦታ ልትሞት ነው የመጣችው ብዬ ደመደምኩ። ስትስል ልቤ ይሰነጠቃል፣ ዝም ስትል ደግሞ ይብስብኛል። አውቶቡስ ውስጥ ስታንቀላፋ ትንፋሿን ለማየት ጣቴን አፍንጫዋ ሥር አስጠጋሁ። ዓይኗን ሳትገልጥ ጣትሽን አንሺ፣ አልሞትኩም አለችኝ። እሷ ቀልዷ ነው፤ እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ከመሬት በታች ወዳለው መቃብር የወረድን ዕለት የባሰ መጣ። መተላለፊያው ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ የያዝነው ሻማ ብቻ ነው የሚያበራው። መቃብሮቹ ግድግዳው ላይ እንደ መደርደሪያ ተፈልፍለዋል፣ አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። እማዬ ከአንዱ ባዶ መቃብር ፊት ቆመችና በስንዝሯ ትለካው ጀመር። ከዚያ መሪያችንን ልጄ፣ ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ማን ገነዛቸው ብላ ጠየቀችው። የቀበራቸው ነዋ እማማ፣ ቶሎ ቶሎ አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሻማዬ ጠፋብኝ፤ በጨለማ የቀሚሷን ጫፍ ይዤ እንደ ሕፃን እየተጎተትኩ ወጣሁ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። በየቦታው ቦርሳዋን ታቅፋ ትወርዳለች፣ ድንጋዩ ዘንድ ስትደርስ ግን ዚፑን እንኳ አትከፍትም። ድንጋዩን በእጇ ዳሳ፣ ተሳልማ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ትመለሳለች። ሌላው ሰው ለማስነካት ሲጋፋ እሷ ጨርቁን ከድንጋዩ የምትደብቅ ትመስል ነበር።

ወደ አንዲት ደሴት ስንሻገር ባሕሩ ተቆጣ። መርከቡ እየተነሳ ሲወድቅ ወንበር ከወንበር ተጋጨ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ጸሎት ባንዴ ጀመረ። ቶሎ ቶሎ ራሱ ቶሎ ማለቱን ትቶ ምሰሶ አቅፎ ተቀመጠ። እማዬ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እጄን ያዘችኝና አትፍሪ፣ ገና ነው አለችኝ። ገና ነው የሚለውን ቃል እንደዚያ ቀን ፈርቼው አላውቅም።

በማግስቱ ከባሕሩ ዳር ያለ ጣሪያ አልባ ቤተ ክርስቲያን ገባን። ወለሉ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተፈለፈለ የጥምቀት ጉድጓድ አለ፣ ውስጡ ሣር በቅሏል። ሌሎቹ ፎቶ ሲነሱ እኔና እማዬ ጠርዙ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ። መግነዙን አይቼዋለሁ፣ እዚህ ልትሞቺ ነው ወይ የመጣሽው ብዬ አፈረጥኩት። ሳቀች፣ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ልብስ ሰፊ ነኝ ትያለሽ፣ ይህን ቁመቴን እያየሽ ያ ጨርቅ የእኔ መሰለሽ፣ ሳትለኪ ነው እንዴ ሰው የምትገድይው አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ ሙያ ስኖር ሳልለካ የፈረድኩት ያንን ጨርቅ ብቻ ነው። ሳቋ ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የበቀለውን ሣር እያየች፣ የአባትሽ ነው አለችኝ።

የጉዞውን ወረፋ የያዘው አባባ እንደነበር ታስታውሻለሽ። የልብ ሐኪሙ ሲከለክለው ያለ ንትርክ ቦታውን ለእማዬ ሲለቅላት ሁላችንም ገርሞን ነበር፤ ለካ ተስማምቶ የለቀቀው በምክንያት ነው። አቡጀዲውን ራሱ ገዝቶ ስፊልኝ ብሎ ሰጣት። ከመጨረሻው ቦታ፣ ከሰማዕታቱ ድንጋይ ላይ አስነኪልኝ፣ እስክትመጪ እጠብቅሻለሁ፣ እሱን ሳልለብስ የትም አልሄድም አላት። የአባባን ቃል ደግሞ ታውቂዋለሽ። ገበያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ ብሏት እሷ ረስታ በሌላው በር ወጥታ ቤቷ ገብታ፣ እሱ ዝናብ እየወረደበት እስኪመሽ የቆመ ሰው ነው። እማዬ ይህንኑ ነው ያሰበችው። ጨርቁ ድንጋዩን ካልነካ አልተዘጋጀም፣ ካልተዘጋጀ ይጠብቀኛል፣ እንደዚያ ቀን ቆሞ ይጠብቀኛል አለችኝ። ያን ባዶ መቃብር የለካችውም አባትሽ ረጅም ነው፣ እዚህ አይበቃውም ብላ ልቧን ለማጽናናት ነው።

ፍርሃቴ በዚህ ያለቀ እንዳይመስልሽ። እስከዚያ የፈራሁላት አጠገቤ ነበረች፣ እጇን ልይዛት እችል ነበር። አሁን የምፈራው በስልክ ውስጥ ተኝቷል ለተባለው ሰው ነው። እማዬ ልታስበው ያልደፈረችው ነገር እኔን ቀንም ማታም ይበላኛል። ካልጠበቀስ? እኛ መንገድ ላይ ሳለን፣ የለመናትን አንድ ነገር ሳያገኝ ቢሄድስ? እማዬ ከዚያ በኋላ ከራሷ ጋር እንዴት ትኖራለች?

ትናንት የመጨረሻው ቦታ ደረስን። ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ እማዬ ቦርሳዋን ያዥልኝ ብላኝ ወደ ፊት ስትሄድ እጄን አስገባሁ። ካልተቀመቀመው ጠርዝ ላይ አንድ ክር መዘዝኩ። ጨርቁ ምንም አልሆነም፣ ከልብስ ሰፊ በቀር የሚያውቀው የለም። ክሩን ጣቴ ላይ ጠመጠምኩት።

ድንጋዩ ያለው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። እማዬ ተራዋ ሲደርስ ቄሱ የምታስነካውን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ። ቦርሳዋን አየችው፣ ቄሱን አየቻቸው። ከዚያ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታ ሰጠቻቸው። ፀጉሯ እንዲያ መሳሳቱን አላውቅም ነበር። እሷ ወጣች፣ ከኋላዋ እኔ ገባሁ። ክሩ ያለበትን እጄን ድንጋዩ ላይ አሳረፍኩ። ቄሱ ሲያዩት ይህ ደግሞ የማን ነው አሉኝ። የአባቴ ነው አልኳቸው። ክሩንም እኔንም ተራ በተራ አዩንና ሌላ ሳይጠይቁኝ ጸሎቱን አደረሱ።

ስወጣ እማዬን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ዋሽቼው አላውቅም፣ አስነካሽልኝ ወይ ሲለኝ ምን እለዋለሁ ብላ አለቀሰች። ስለ ክሩም አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ውሸት አትችልም፣ ገና ከበሩ ስትገባ ፊቷ ይነግረዋል።

እትዬ፣ ክሩ እዚሁ ፖስታ ውስጥ በስስ ወረቀት ተጠቅልሏል። ስትከፍቺ እንዳይወድቅብሽ። ነገሩ ደግ ከሆነ፣ አባባ ከቆየን፣ ማንም እንዳያይ ከመርፌዎችሽ መሐል ደብቂው፣ ስመጣ ትሰጪኛለሽ። የፈራሁት ከደረሰ ግን በሚለብሰው ላይ ስፊለት። አትቋጥሪው። እማዬን እኔ አጽናናታለሁ፣ ያስነካነው መሆኑን ያኔ እነግራታለሁ። ፊደሌ ከእማዬ ስፌት ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

በተረፈ ባለቤትሽን በጣም በጣም ሰላም በይልኝ፣ በሌሊት ሲያሽከረክር ይጠንቀቅ፤ እኔ ለሾፌር ሁሉ መጸለይ የጀመርኩት እዚህ ነው። ጥርሰ ወላቃዋን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የዓሣ ሥዕል ያለበት ጠጠር ገዝቼላታለሁ። ጎረቤታችንን ጫማ ሰፊውን ሰላም በይልኝ፣ ማታ ማታ መጥቶ አባባን ስለሚያጫውትልን ውለታው አለብን። እማዬ ሁላችሁንም በያላችሁበት ስማችኋለች፤ ስጽፍ አይታኝ ምንድን ነው አለችኝ፣ ሰላምታ ነው አልኳት።

አባባን ከሁሉም በኋላ ሰላም በይልኝ፣ ቢተኛም ጆሮው ላይ ጠጋ ብለሽ። ጨርቁ ገና ድንጋዩን አልነካም በይው። እማዬ ዘንድሮ በሌላ በር አትወጣም፣ እሱ በቆመበት በር ነው የምንመጣው፣ ትንሽ ይቁምልን በይው።

ታናሽ እህትሽ ድንጉጧ

ከወደቡ በላይ ካለው የተሳላሚዎች ማረፊያ
ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ተጻፈ