መሸሽና መተው

ለልጄ ለልዑልቃል፣

የአርባ አራቱ ታቦታት ጥበቃ አይለይህ፤ የሰው አገር ብርድም ይራራልህ። እኛ እንደ ዘመኑ ደህና ነን። ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ መብራት ደግሞ ሲፈልግ።

እህትህ ወንጌላዊት ለፈተና እያጠናች፣ «እማዬ፣ ኢስቹ የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ምንድን ነው?» አለችኝ። ጡረታ የወጣች መምህርት እንዲህ ስትጠየቅ ነፍሷ ይመለሳል። «ካባ የለበሰ ቃል ነው፤ ለጽሑፍ እንጂ ለገበያ አይሆንም። አንድን ነገር አውቆ፣ ለህሊና ብሎ መተው ማለት ነው» አልኳት።

«ከመሸሽ በምን ይለያል?»

«አባትሽ ጠላ አይቀምስም ነበር፤ ያ ኢስቹ ነው። እኔ የጎረቤት ውሻ ፈርቼ መንገድ እቀይራለሁ፤ ያ መሸሽ ነው።»

«ለልዑልቃል አለመንገርሽስ የትኛው ነው?»

ብዕሬን አንስቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ። ዘመዶች «መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አገሩ ሲገባ በማለዳ ሽማግሌዎች ይንገሩት» ብለውኝ፣ ከወጉ ጀርባ ተደብቄ ነበር። «አባቴስ?» ባልኸኝ ቁጥር «ቤተ ክርስቲያን ነው» እልህ ነበር። አልዋሸሁም፤ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እዚያው ነው።

ልጄ፣ አባትህ ሞቷል። ልቡ ናት የከዳችው፤ ብዙም አልተሰቃየም። ስምህን እየጠራ ነው ያረፈው። ዘመድ ይቆጣኛል፤ ወጉን ግን አውቄ ትቼዋለሁ።

ብቻህን አታልቅስ፤ ያገርህን ልጆች ጥራ። የአባትህ አምላክ ያጽናህ። እንባህ ሲቆም ደውልልኝ፤ ባይቆምም ደውል።

እናትህ ይመኙሽ